ትንሽ የገጠር ቀበሌ በየትኛው ፕላን ትደግ? አራት አማራጮች ሲመዘኑ

ስብሰባው የተጠራው አርሶ አደር ማሰልጠኛው ግቢ፣ ግራሩ ሥር ነበር። አጀንዳው አንድ መስመር ነው፦ «የቀበሌው ማዕከል የወደፊት እድገት»። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕዝቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ወጣቶቹ «ከተማ እንባል» አሉ። መንገድ ዳር ማሳ ያላቸው ዝም አሉ፤ ግማሾቹ ቦታቸውን ሸንሽነው ጨርሰው ስለነበር የሚናገሩት አልነበራቸውም። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና «እንደ ደርግ ጊዜ ልትሰበስቡን ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያ ተብዬ የተቀመጥኩት እኔ አፌን ሳልከፍት ዝናቡ ወረደ፣ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ካሉ የቀበሌ መሬት ኮሚቴዎች ጋር ለዓመታት ሜትር ስጎትት ኖሬያለሁ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ሽማግሌ ጥያቄ ዘግይቶ የተመለሰበት ነው። ቀበሌያችሁ በየትኛው መንገድ ትደግ የሚል ክርክር ላይ ከሆናችሁ፣ በተለይ ደግሞ መንገዱ ገና ካልገባ፣ ጊዜ አላችሁ።

ማደጉ አይቀርም። በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ነው። ያኔ እናቱ ጀርባ ላይ የነበረ ሕፃን ዛሬ ጎረምሳነቱን ጨርሶ የልጆች አባት ሆኗል፤ መሬት ግን የለውም። አባቱ ከሄክታር የማትሞላ ማሳውን ለአራት ልጅ ቢያካፍላት ለአንዱም አትሆን፣ ስለዚህ ከጓሮው ጥግ ቆርሶ «እዚህ ጎጆ ውጣ» ይለዋል። በዚያ ላይ ከ2003 ጀምሮ ዩራፕ በሚባለው ፕሮግራም ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ በየቀበሌው ሲገባ ቆይቷል። ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱና ወፍጮው አንድ አካባቢ ይገጥማሉ። አስተማሪውም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም የሚከራዩት ክፍል ይፈልጋሉ። ቤት መሠራቱ ላይ ክርክር የለም፤ ክርክሩ የት ነው የሚለው ላይ ነው።

ለመመዘን እንዲመቸን አንዲት ቀበሌ በሐሳብ እንያዝ። ማዕከሏ ላይ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት 120 አባወራ ይሰፍራል እንበል፤ በአማካይ አምስት ሰው ብንቆጥር 600 ነፍስ ነው።

ዝም ብሎ መተው

ይህን አማራጭ ማንም እጁን አውጥቶ አይመርጠውም፤ ሌላውን ካልመረጣችሁ ግን የሚሆነው እሱ ነው። መንገዱ እንደገባ አንድ ሻይ ቤት ይበቅላል። ቀጥሎ ጠላ ቤት፣ ቀጥሎ ጸጉር ቤት፣ ከዚያ ባህር ዛፍ የሚቸረችር። ማሳው መንገድ ዳር የወደቀለት ገበሬ አሥር በሃያ እየለካ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ውሉ ላይ የሚጻፈው «ቤት ሸጥኩ» የሚል ነው፤ ቤት የተባለው አራት ቋሚና ሁለት ቆርቆሮ ቢሆንም። አንዳንዱ ደግሞ ለረጅም ዓመት እንዳከራየ አድርጎ ይጽፋል። የቀረው ሌሊት ተሠርቶ ያድራል፤ የጨረቃ ቤት መባሉም ለዚህ ነው።

ሒሳቡን እንየው። እያንዳንዱ ቤት መንገዱ ላይ 15 ሜትር ፊት ይዞ ቢሰለፍ 120 ቤት በግራና በቀኝ 900 ሜትር ይዘረጋል። የውሃ ቧንቧውም፣ የመብራት ምሰሶውም፣ የጎርፍ ቦዩም ያን ሁሉ ርቀት መሄድ አለበት። ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ማሳ መውጫ ያጣል፤ ባለማሳው በሬውን ለማስወጣት በሰው ግቢ ማለፍ ይጀምራል፣ በዚያው የወሰን ክሱ ይከተላል። በክረምት የመንገዱ ቦይ ውሃውን ወስዶ መጨረሻው ላይ ያለው ሰው ደጅ ይደፋዋል። ከዓመታት በኋላ መንገዱ ይስፋ ሲባል ደግሞ በመንገዱ ክልል ውስጥ የሠራው ሰው ሕጋዊ ይዞታ ስለሌለው ካሳ ለመጠየቅ የሚቆምበት እግር የለውም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

መንገድ ዳር መስፈር ግን በራሱ ጥፋት አይደለም። ጉራጌ ሄዳችሁ ጀፎረን እዩት። ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ እንሰቱ ከጀርባቸው ነው፣ በመሃል ሰፊና ሳር የለበሰ የጋራ መንገድ ይዘረጋል። ከብት ይግጥበታል፣ ሰርግና ለቅሶ ይቆምበታል፣ ልጅ ይቦርቅበታል። ማንም አጥሩን ሁለት ክንድ ወደ ፊት ገፋ አያደርግም፤ ቢያደርግ የባህሉ ሕግ አለ፣ ሽማግሌዎቹም አሉ። ስፋቱን ያስጠበቀው የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ አይደለም። የእኛን መንገድ ዳር ያበላሸውም መስመር ይዞ መስፈሩ ሳይሆን ስፋቱን የሚጠብቅ አካል አለመኖሩ ነው።

በየጎጡ እንደተበተኑ፣ ግን በደንብ

ሁለተኛው አማራጭ ሰው ካለበት አይነቃነቅም የሚለው ነው። አዲስ ቤትም በወላጅ ግቢ ወይም በጎጡ ውስጥ ይሠራል፤ ቀበሌው የሚያወጣው ደንብ ቤት የማይሠራባቸውን ቦታዎች የሚለይ ነው።

ከከተማ ለሚመጣ ባለሙያ ይህ ኋላቀርነት ይመስለዋል። አይደለም። ገበሬው ከማሳው አጠገብ ሲኖር ፍግ በቀላሉ ማሳው ይደርሳል፣ ዝንጀሮና ከርከሮ ይጠበቃል፣ በሬ ለማዋል ሰዓት አይባክንም። የጌዴኦ ሕዝብ በዳገት ላይ ቤቱን ከእንሰቱ፣ ከቡናውና ከትልልቅ ዛፎቹ ጋር አሰባጥሮ በመኖር መሬቱን ይዞ ቆይቷል፤ መልክዓ ምድሩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ዋናው ምክንያት ይኸው የአኗኗር ጥበብ ነበር።

ደንቡን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይሰማራበት፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛ እርከን ከተሠራበት ብቻ ነበር። ያንን አዋጅ በ2016 የወጣው 1324 ተክቶታል፤ አዲሱ አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ፈቅዷል፣ ይህም ከተማ ሳይባሉ ገንዘብ የሚገኝበት አንድ በር ነው። ቀበሌያችሁ የሁለተኛ ደረጃ ደብተር፣ ማለትም ማሳው ተለክቶ ካርታ የወጣለት የይዞታ ማረጋገጫ፣ ከደረሰው የእያንዳንዱ ማሳ ካርታ ወረዳ ላይ አለ። ያንን አሳትማችሁ መሬት ላይ ዘርግታችሁ ምንጩን፣ የወል ግጦሹን፣ የጎርፍ መውረጃውን በእርሳስ አክብቡ። ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ሰሞኑን የገጠር ኮሪደር የሚባለው ሥራም በተለይ የሚያግዘው ይህን አማራጭ ነው፤ በረትን ከመኖሪያ መለየት፣ ማብሰያውን ማሻሻል፣ ባዮጋዝ፣ መጸዳጃ፣ ሁሉም ሰው ባለበት የሚሠራ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ከባድ። መብራትና ቧንቧ በየጎጡ አይደርስም፤ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ወንዝ ትሻገራለች። መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ ከአባቱ ጓሮ ሌላ መድረሻ የለውም፣ የአባቱ ጓሮም አንድ ቀን ያልቃል። ሕዝቡ ጥቂት፣ መሬቱ ዳገታማ፣ መንገዱም ሩቅ ከሆነ ይህን ምረጡ። ከዚያ ውጭ ብቻውን አይበቃም።

የቀበሌ ማዕከል ሳይት

አብዛኛዎቹ ትንንሽ ቀበሌዎች መምረጥ ያለባቸው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው አጠገብ ቦታ ይከለላል፣ መንገድና የቤት ቦታ ይሸነሸናል፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ እዚያ ይሠራል። ቀበሌው ገጠር ሆኖ ይቀጥላል፤ መሬቱም በገጠር መሬት ሕግ ይተዳደራል።

የሽማግሌው ጥያቄ የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። የደርግ መንደር ምሥረታ ከሐረርጌ ተነስቶ ከ1978 ጀምሮ በአገር ደረጃ ሲዘምት በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ጣራውን አፍርሶ፣ ማገሩን ተሸክሞ በገመድ በተለካ መስመር ላይ እንዲሰፍር ተደርጓል። ማሳው ራቀ፣ ከብቱ ተጠጋግቶ በሽታ ተዛመተበት፣ ማገዶው በዓመት አለቀ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ማገሩን መልሶ ተሸክሞ ወደ ጎጡ ሄደ። እናቶች እስከ ዛሬ «መንደር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ የሳይቱ ደንብ የመጀመሪያ መስመር ይህ ይሁን፦ ማንም ነባር ነዋሪ አይነሳም፣ ሳይቱ ለአዲስ ቤት ብቻ ነው። ይህ መስመር በቃለ ጉባኤው ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ አትፈርሙ። ሁለተኛ ትውልድ ሲያገባ፣ አስተማሪ ሲመጣ፣ ባለሱቅ ሲከፍት ማዕከሉ በራሱ ጊዜ ይሞላል። መሰባሰብ በራሱ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ኮንሶዎች በኮረብታ አናት ላይ በድንጋይ ግንብ ታጥረው ተጠጋግተው ይኖራሉ፣ እርከን ማሳቸው ከታች ነው፤ ሕዝቡ ሲበዛ ከግንቡ ውጭ ሌላ ግንብ እየጨመሩ መንደራቸውን አስፍተዋል። ልዩነቱ ግንቡን የሠሩት ራሳቸው መሆናቸው ላይ ነው።

ስፋቱን እናስላ። ለአንድ ቤት 300 ካሬ ብንሰጥ ለ120 አባወራ 3.6 ሄክታር ነው። ለመንገድ፣ ለቦይና ለጋራ ቦታ ከጠቅላላው 35 በመቶ ብንይዝ 5.5 ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ በጥማድ 22 መሆኑ ነው። አራት ማዕዘን ብታደርጉት እያንዳንዱ ጎን 235 ሜትር ያህል ነው። ያ መንገድ ዳር የተዘረጋው 900 ሜትር ትዝ ይበላችሁ፤ ቧንቧ የሚገዛው ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ብዙ ወረዳ ላይ ግን የከተማ ልማድ ተከትሎ 200 ካሬ ይሰጣል፣ ሁሉም እኩል። ይህ ስህተት ይመስለኛል። ለአስተማሪና ለባለሱቅ 200 ካሬ ይበቃል። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም፣ የገለባ ክምር፣ ጌሾና ጎመን ያለው ገበሬ ግን 200 ካሬ ላይ አይኖርም፤ በረቱን ከመኝታው ጋር ያጣብቃል ወይም ቤቱን ሠርቶ ቆልፎት ጎጡ ይቀመጣል። ለእርሱ 500 ስጡት፣ ሳይቱ ጠርዝ ላይ፣ ወደ ማሳው በሚያወጣ በኩል። ሁለት ዓይነት ስፋት ማውጣት «አድልዎ ነው» የሚል ክስ ያመጣባችኋል፤ መልሱ ስፋቱ በከብት እንጂ በሰው አለመሰፈሩ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ 22ቱ ጥማድ ከማን ይቆረጥ? ሁሉም ኮሚቴ ያለማመንታት የሚጠቁመው የወል ግጦሹን ነው። ባለቤት የለውም፣ አይጮህም። ግን ጠዋት ሄዳችሁ ቁሙበት። ማሳ የሌላት ባልቴት አራት በጎቿን የምታሰማራው እዚያ ነው፤ ባለብዙ ማሳው ገበሬ ቃርሚያና ገለባ ስላለው ግጦሹ ቢቀንስም አይጎዳ። ሕጉ የወልን ይዞታ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ማዛወርን ሲፈቅድ ቆይቷል፣ ስለዚህ ይቻላል፤ ይቻላል ማለት ግን ይገባል ማለት አይደለም። እኔ የሠራሁበት አንድ ቀበሌ ግጦሹን ሲሶ ብቻ ወሰደና ቀሪውን ከድሮው የትምህርት ቤት ባህር ዛፍና ከሦስት ገበሬዎች ማሳ አሟላ። ገበሬዎቹ ሳይቱ ውስጥ ለልጆቻቸው የቤት ቦታ፣ ለማሳቸው ደግሞ ሌላ ቦታ ምትክ አገኙ። ድርድሩ ሁለት ክረምት ፈጀ።

አፈሩንም እዩ። መረሬው ለጤፍ እንጂ ለቤት አይሆንም፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳው አብሮት ይሰነጠቃል። ቀዩ፣ ዝንባሌው ለስላሳ የሆነው አፈር ውሃ ያወርዳል፣ ምርቱም ያነሰ ነው። ቤት እዚያ ይሂድ። ይህን ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል፤ ሳይቱ ግን ብዙ ጊዜ መረሬው ላይ ያርፋል፣ ምክንያቱም ሜዳ ስለሆነ ለቀያሽ ይቀለዋል።

የራሴን ጥፋት ልናገር። መጀመሪያ የከለልኩት ሳይት ላይ የተከልነው የእንጨት ችካል ነበር፣ ሁለት መቶ ያህል። በሦስተኛው ወር ስመለስ አሥራ አንድ ቀርቷል። ሌላው ምድጃ ገብቷል። ማንንም አልወቅስም፤ የደረቀ ባህር ዛፍ ሜዳ ላይ ተክዬ ለማገዶ ከሚንከራተት ሰው መጠበቅ የእኔ ሞኝነት ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶ ነው የማፈሰው።

ከተማ መባል

ወጣቶቹ የሚወዱት ይህን ነው፣ ለምን እንደሆነም ይገባኛል። ከተማ ሲባል ማዘጋጃ ቤት ይመጣል፣ ፕላን ይመጣል፣ የንግድ ፈቃድ በቅርብ ይገኛል፣ ባንክ ቅርንጫፍ ለመክፈት ዓይኑን ይጥላል።

መስፈርቱን እንወቅ። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን ወይም ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ሠራተኛ ኃይሉ በግማሽ ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የተሰማራበትን ቦታ ነው። የእኛ 600 ነፍስ ማዕከል በቁጥሩ ሩቅ ናት፤ በተግባር ግን ታዳጊ ከተማ ወይም ንዑስ ማዘጋጃ ተብሎ ማደራጀት እየተለመደ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው በእናንተም ደጅ ይመጣል።

ሕጉ የሚገለበጠው በዚህ መስመር ላይ ነው። ወሰኑ ውስጥ የገባው መሬት ከገጠር ሕግ ወጥቶ ወደ ከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ 721/2004 ይሻገራል። ገበሬው ያለ ክፍያ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ይዞ ለልጁ የሚያወርሰው መሬት ለመኖሪያ ሲሆን እስከ 99 ዓመት በሚቆጠር ሊዝ ወደሚሰጥበት ሥርዓት ይገባል። ነባር ይዞታም ቢሆን በላዩ ያለው ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ከተላለፈ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። የእርሻ ማሳው ደግሞ ለቤት ቦታ ሲፈለግ ካሳ ተከፍሎት ይነሳል።

ካሳው ስንት ነው? አዋጅ 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ የገጠር ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ እንዲከፈል ደንግጓል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው 455/1997 የአምስት ዓመቱን አማካይ በአሥር ነበር የሚያባዛው። አዋጁ በ2016 በ1336 ስለተሻሻለ የክልላችሁን መመሪያም ጠይቁ። ለስሌት ያህል አንድ ጥማድ ማሳ በጥሩ ዓመት 40 ሺህ ብር አስገብቶ ከሆነ ካሳው 600 ሺህ ብር ይመጣል። ብዙ ገንዘብ ይመስላል። ያቺ ጥማድ 2,500 ካሬ ናት፤ ለመንገድ 30 በመቶ ቢቀነስ በ200 ካሬ ስምንት የቤት ቦታ ይወጣታል፣ ጨረታ ወጥቶ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አያስቸግርም። ገበሬው ገንዘቡን ይዞ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይድራል፣ ምናልባት ባጃጅ ይገዛል። እነዚህን ሁሉ ያደረጉ፣ በአራተኛው ዓመት በራሳቸው የቀድሞ ማሳ ላይ በተሠራ ፎቅ ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩ ሰው አውቃለሁ። «ልጄ፣ ቦታውን እንደኔ የሚያውቀው የለም፣ ለዚያ ነው የቀጠሩኝ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ታዲያ ከተማ መባል የሚበጀው ለማን ነው? ገበያዋ የታወቀ፣ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ከሌላ ወረዳ ሳይቀር ነጋዴ የሚመጣባት፣ ዋናው አስፋልት ላይ ያለች፣ ግማሽ ነዋሪዋ በሬ የማይጠምድ ከሆነ ዛሬም ከተማ ናት፤ ፕላን የሌላት ከተማ። ያቺን ገጠር ብሎ ማቆየት የጨረቃ ቤትን መመረቅ ነው። ቡሬ፣ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ያሉት የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች አካባቢ ያሉና የምርት መሰብሰቢያ ማዕከል የሚተከልባቸው ቦታዎችም ቶሎ ፕላን ቢያገኙ ይሻላል። ሁለት ነገር ግን ተደራደሩ። መዋቅራዊ ፕላኑ የሚያገለግለው ለአሥር ዓመት ስለሆነ ወሰኑ በአሥር ዓመት ከሚሞላው በላይ አይስፋ፤ ቀበሌዋን በሙሉ የሚውጥ ክብ ከተሠመረ በመሃሉ ያለው ማሳ ሳይታረስም ሳይሠራበትም ይቀራል፣ «ይነሳል» የተባለ መሬት ላይ ማንም ኮምፖስት አያፈስም። ረቂቁም ለሕዝብ ሲቀርብ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በገበያ ቀን ገበያው ላይ ይሰቀል።

ውሃው ምን ይላል?

አራቱንም አማራጮች የሚፈትን አንድ ነገር አለ፣ ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው። በመጋቢት፣ ምንጩ በሚደክምበት ወር፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን ደቅኑና ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። መቶ ሰከንድ ከፈጀ ምንጩ በሰከንድ 0.2 ሊትር፣ በቀን 17,280 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር፤ ለትናንሽ ከተሞች 40 ሊትር። የእኛ 600 ሰው በገጠር መለኪያ 15,000 ሊትር ይፈልጋል፣ ምንጩ ይበቃል። በከተማ መለኪያ 24,000 ይፈልጋል፣ አይበቃም። ከብቱን ገና አልቆጠርንም። ሌላ ጉድጓድ የሚቆፍርበት በጀት እጁ ላይ ሳይኖር «ከተማ እንሁን» የሚል ኮሚቴ ካለ ጀሪካኑን ይዞ ምንጩ ጋ ይውረድ። የቤት ቦታ ስትሸነሽኑም ከምንጩ በላይ መጸዳጃ የሚያስቆፍር መስመር እንዳታሰምሩ፤ ጎርፍና ፍሳሽ መንገዱን ያውቃል፣ እናንተ ግን አንድ ጊዜ ከመራችሁ በኋላ ቤቱን አታነሱትም።

እኔን ምረጥ ብትሉኝ፣ እንደ ምሳሌያችን ያለችውን ቀበሌ ሳይት ከልላችሁ ገጠር አድርጋችሁ አቆዩአት፤ ከሳይቱ ውጭ ያለውን ጎጥ በሁለተኛው አማራጭ ደንብ ጠብቁት። ሁለቱ አይጣሉም። መንገድ ዳሩ ላይ ጀፎረን የመሰለ ሰፊ ባዶ ቦታ በዛሬው ቀን ክለሉ፤ ከመጀመሪያው ሻይ ቤት በኋላ የአንድ ሜትር ዋጋ የአንድ ዓመት ክርክር ነው። ሳይቱ ሦስት አራተኛው ሲሞላና ገበያው ሲደራ የከተማነቱን ጥያቄ ያኔ አንሱት፤ ያኔ ቢያንስ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ቦዩ የተቆፈረ፣ የእያንዳንዱ ሰው ይዞታ የተመዘገበ ይሆናል፣ ስለ ካሳም ስትደራደሩ ወረቀት ይዛችሁ ነው።

ችካል በሚተከልበት ቀን ማን ይገኝ የሚለውም ቀላል አይደለም። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን አለ፤ ሜዳው ላይ ግን የሚመጣው ባልየው ብቻ ነው። ሚስቶቹን አስጠሩ፤ ወሰኑ በየትኛው ድንጋይ እንደሚያልፍ ከባሎቻቸው በላይ የሚያውቁ ብዙ አይቻለሁ። ባለበጓን ባልቴት አስጠሩ። መሬት የሌላቸውን ልጆች ደግሞ ሜትሩን ራሳቸው ይጎትቱ።

ያ ሽማግሌ በሁለተኛው ስብሰባም መጥተው ነበር። ዝናብ አልነበረም። ጥያቄያቸውን ሳይደግሙ አጠገቤ ቆሙና «የመጨረሻው ችካል ከበረቴ ስንት ይርቃል?» አሉኝ። ሜትሩ ሌላ ቦታ ስለነበር አብረን በእግር ለካነው፣ እሳቸው በዱላቸው እየቆጠሩ። ሰማንያ አራት እርምጃ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው» አሉ፤ ጻፍኩት።